የሐምሌ ቁልፍ

አባ ጆቢ፣ ቁልፉን በእጄ አኑረው፣
"ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፣ ቤቱን አደራ" ብለው፣
ኬረላ እናትዎ ዘንድ ከሄዱ ወዲያ፣
ይኸው የሆነውን ልንገርዎ እንግዲያ።

ሰድበሪን ክረምቱ (ክረምት እንላለን እኛ በልማዳችን፣
ጠብታ ዝናብ ሳይኖር ሲግል አናታችን)
ሰዉን ሁሉ ወደ ሐይቅ ጠራርጎ ወስዶታል፤
የቅድስት ማርታን ቁምስና አቧራ ወርሶታል።
ቅዳሜ ማታ ብቻ፣ ከሩቅ የሚመጡት
እንግዳው ቄስ ቀድሰው ፈጥነው ነው የሚሄዱት፤
በሥራ ቀን ግን ቄስ የለ፣ ደወል የለ፣
ምንባቡን አንብበን "ሰላም ለኪ" ተባለ።

አምስት ነን። አንዳንዴ ሦስት።
ማዳም ኦዲል፣ መቼም ከፊተኛው ወንበር፤
ሬናቶ፣ የኒኬል ጉድጓድ ጆሮውን የነጠቀው፣
አሜኑ ከአሜናችን ኋላ የሚዘልቀው፤
ዲቦራ፣ እግሯን ቢንቢ የበላት፣ የሎምባሞ ልጅ፤
ያፌትም፣ ስልኩን የተቀማ በእኔ በአባቱ እጅ።

ያፌት ጠየቀኝ፣ ገና በሩን ሳልከፍተው፦
"ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ አባም እረፍት ላይ ናቸው፤
እግዜር ብቻ ነው ወይ እረፍት የማይሰጠው?"
መልስ አልነበረኝም። መጥረጊያውን ሰጠሁት።
"ሰባተኛው ቀንስ?" ማለት ነበረብኝ፤
ትዝ ያለኝ ማታ ነው፣ እንቅልፍ ሲርቀኝ።

እንግዲህ ሥራዬን፦ ቲማቲሙን አጠጣሁ፤
የንስሐ ክፍሉን መጋረጃ አጠብሁ፤
የተሰበረው ማራገቢያ አሁን ይዞራል፣ ደኅና ነው፤
ሬናቶ ጠግኖት ድምፁ ሄሊኮፕተር ነው።
ሌሊት ከአውቶቡሴ ወርጄ፣ ቤቴ ሳልደርስ፣
ቀዩን መብራት አያለሁ፣ ሻማው እንዳይጨረስ።
"የጌታ ቤት" አልሁ፣ "በእኔ ቁልፍ ቆሟል"፤
ትከሻዬ፣ ሳላውቀው፣ በኩራት ሰፍቷል።

አንድ እሑድ ሐይቁ ዳር ወረድን፣ ኦዲልም አብራን፤
ጥቁሩ ቋጥኝ ላይ ብሉቤሪ ስንለቅም ዋልን።
መቁጠሪያ ረስተናል። "ይህ አይበቃም?" አለ
ያፌት፣ አሥር ፍሬ መዳፉ ላይ እያስተካከለ።
አንድ "ሰላም ለኪ"፣ አንድ ፍሬ ወደ አፉ፤
ምስጢሩ ሲፈጸም ባዶ ሆነ መዳፉ።
በአምስተኛው ምስጢር ከንፈራችን ጠቆረ፤
ሬናቶ ግን ገና በሦስተኛው ነበረ።
ኃጢአት ከሆነ፣ አባ፣ ንስሐውን ይስጡን፤
ኦዲል ግን ስትስቅ ነው ያየኋት፣ ጥርሷ እስኪታየን።

አሁን ወደ ከባዱ። ሐምሌ ሃያ ሁለት፣
የማርታ በዓል ማታ፣ እንደ ወረደ መዓት
ነጎድጓድ መጣ፤ ከተማው ጨለመ፤
አውቶቡሴም በጎርፍ መንገድ ላይ ቆመ።
እኩለ ሌሊት አለፈ፤ ሻማው ያን ቀን ያልቅ ነበር፤
እየሮጥሁ ስደርስ፣ ጎሕ ሲቀድ በሰማይ ዳር፣
በሩ ተቆልፏል።
ከፍቼ ገባሁ። መብራቱ በርቷል፤
አዲስ ሻማ፣ አናቱ ገና ያልጎደለ፣ ቀጥ ብሏል።
ምንጣፉ ላይ እርጥብ ዱካ፣ ትንሽ፣ የአሮጊት፤
ፊተኛው ወንበር ላይ የተረሳ ጃኬት።

ኋላ ጠየቅኋት። ቦርሳዋን ከፈተች፤
ዝገት የበላው ቁልፍ አውጥታ አሳየች።
"ከአባ ጆቢ በፊት፣ ከአምስት ቄስ በፊት" አለች፣
"አርባ ሁለት ክረምት።"
ሌላ አልጨመረችም። ጃኬቷን ወሰደች።

ሲመለሱ ቁልፉ እነሆ፤ ቲማቲሙም ቀልቷል፤
ሬናቶ ማራገቢያውን ዳግም ልጠግን ብሏል፣
ይከልክሉት።
አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ያፌት ትናንት፣
መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በዝግታ፣
"ለእኔም አንድ ቁልፍ ይቀረጽልኝ" አለኝ፣ ከኦዲል ጋር ሲያወራ አምሽቶ ማታ።
ምን ልበለው?